እንግዳው ለምን መጣ? የስፖርት ቱሪዝም ከኦሎምፒያ እስከ በቆጂ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ቀርቦ ከሆነ ከአቦሉ እስከ በረካው ያደርሳችኋል። ሥራ ላይ ያላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"ስፖርት ቱሪዝም" የሚለው ቃል አሁን አሁን በዜናውም በስብሰባውም ይደጋገማል። ስታዲየም ሲመረቅ ይነሣል፣ የጎዳና ሩጫ ሲጀመር ይነሣል። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፦ ትልቅ ስታዲየም እንሥራ፣ ትልቅ ውድድር እናምጣ፣ ቱሪስቱ ዶላሩን ይዞ ይመጣል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልየው ብዬ ተነሣሁ። ሀሳቡ ከየት መጣ? በየዘመኑ እንዴት ተለወጠ? ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር አገሬው ምን አገኘ?

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ሰው ለስፖርት ብሎ የተጓዘባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንዳንዱ ለማየት ተጓዘ። አንዳንዱ ራሱ ለመሮጥ፣ ለመውጣት፣ ለመጫወት ተጓዘ። አንዳንዱ ደግሞ ጀግናው የተሠራበትን ቦታ ብሎ ተጓዘ። እኛ የመጀመሪያውን ስናሳድድ ሦስተኛው ደጃችን ላይ ተቀምጧል። እንዴት? አብረን እንሂድ።

1. ለማየት የሄደው

ነገሩ የሚጀምረው ግሪክ ነው። በልማድ የመጀመሪያው የሚባለው የኦሎምፒክ ውድድር የተካሄደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ነው። ኦሎምፒያ ከተማ አልነበረችም። ዜውስ የሚመለክባት ስፍራ ነበረች፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን በዚያ አገር ሐምሌና ነሐሴ ሐሩር ከመላው የግሪክ ዓለም ሕዝብ ይጎርፍባት ነበር። ቁልቢን ወይም ግሸንን በንግሥ ሰሞን ያያችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ነጋዴው፣ ገጣሚው፣ ፖለቲከኛው፣ ለማኙ ሁሉ እዚያ ነው።

ውድድሩ ሲቃረብ መልእክተኞች በየከተማው እየዞሩ ኤኬኬይሪያ የሚባለውን ዕርቅ ያውጃሉ። ብዙ ሰው ይህን ዕርቅ ጦርነትን ሁሉ ያስቆመ አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ አልነበረም፤ የግሪክ ከተሞች እርስ በርስ መዋጋታቸውን አልተዉም። የዕርቁ ዋና ዓላማ ተወዳዳሪውም ተመልካቹም በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ ነበር። ልብ በሉ፤ ከምንም በፊት የተጠበቀው መንገዱ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

"ስታዲየም" የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚያ ነው። ስታዲዮን የርዝመት መለኪያ ነበር፤ ኦሎምፒያ ላይ 192 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ተመልካች ይይዛል፤ ግን ሕዝቡ የሚቀመጠው ሣር ላይ፣ በአፈሩ ተዳፋት ላይ ነው። ማደሪያስ? ድንኳን የያዘ በድንኳን፣ ያልያዘ ሜዳ ላይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ሊዮኒዳስ የሚባል የናክሶስ ደሴት ሰው ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ አሠራ፤ ያውም ለታላላቅ ሰዎች ነው። ተራው ሰው እዚያው ሜዳው ላይ ቀረ። በበጎ አድራጊው በሄሮድስ አቲከስ ገንዘብ ብዙ ውኃ ከሩቅ በቦይ መጥቶ ለሕዝቡ የተዳረሰው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ነው። አስቡት፣ ከ900 ዓመት በላይ እንግዳ ሲቀበሉ ኖረው! ፈላስፋው ኤፒክቴተስ ኦሎምፒያ ላይ ሰው ሙቀቱን፣ ግፊያውንና የመታጠቢያውን ችግር ችሎ የሚቀመጠው ከሚያየው ነገር ትልቅነት የተነሣ እንደሆነ ጽፏል። ተመልካች ብዙ ይታገሣል ማለት ነው። ትዕግሥቱ ግን አዘጋጁን ያሰንፈዋል።

ስንፍናው ሲብስ ምን እንደሚሆን ሮማውያን አሳይተውናል። በ27 ዓ.ም. ከሮም ብዙም በማትርቀው በፊዴኔ፣ አቲሊየስ የሚባል ሰው ትርፍ ፈልጎ ከእንጨት የግላዲያተር ትርኢት ማሳያ ሠራ። መሠረቱን በጠንካራ መሬት ላይ አልጣለም፣ ማያያዣውንም አላጠበቀም። ትርኢት የተጠማው የሮም ሕዝብ ሆ ብሎ ሄደ፣ መድረኩም ተደረመሰ። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ የሞተውንና የቆሰለውን በአንድ ላይ 50 ሺህ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሮም ሸንጎ ሕግ አወጣ፦ የታወቀ መጠን ያለው ሀብት የሌለው ሰው ትርኢት እንዳያዘጋጅ፣ መሬቱ ጠንካራ መሆኑ ሳይረጋገጥም እንዳይገነባ። ሕጉ የመጣው ሰዉ ካለቀ በኋላ ነው። ይሄ ነገር ከኛ ዘመን ብዙም አይርቅም።

2. ራሱ ሊወጣ የሄደው

መካከለኛውን ዘመን ልዝለለውና ወደ ባቡሩ ዘመን ልምጣ። በ1841 ሐምሌ ወር እንግሊዝ ውስጥ ቶማስ ኩክ የሚባል ሰው 500 ያህል ሰዎችን በአንድ ሺሊንግ ሂሳብ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። ጉዞው የስፖርት አልነበረም፣ የፀረ መጠጥ ስብሰባ ነበር። ግን ዘዴው ቀረ፦ ትኬቱን፣ ምግቡን፣ ፕሮግራሙን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ መሸጥ። ዛሬ ለዓለም ዋንጫ "ፓኬጅ" የምንለው ነገር አያቱ ይሄ ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ተከሰተ። ሀብት ያለው ሰው ሌላው ሲጫወት ማየት ብቻ አልበቃውም፤ ራሱ ሊታገል ፈለገ። የት? አልፕስ ተራራ ላይ። ተራራው ለገበሬው ሸክም ነበር። አያርሱት፣ ስድስት ወር በረዶ፣ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ይሰደዱበታል። እንግሊዛዊው ግን ያንኑ ድንጋይ ለመውጣት ገንዘብ ከፍሎ መጣ። በ1857 ለንደን ላይ የአልፓይን ክለብ ተመሠረተ። በ1865 ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ጓደኞቹ ማተርሆርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ፤ ሲወርዱ ከሰባቱ አራቱ ሞቱ። አደጋው አውሮፓን አስደነገጠ፤ ከተራራው ሥር ያለችውን ዘርማት ግን ይበልጥ ስሟን አስጠራ። ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ሻሞኒ የፈረንሳይ ከተማ ናት፣ ሞንብላንክ ሥር። በ1820 ተራራው ላይ በረዶ ተንዶ ሦስት መንገድ መሪዎች ሞቱ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1821፣ የከተማዋ መንገድ መሪዎች ማኅበር መሠረቱ። ሁለት ነገር ደነገጉ። አንደኛ፣ እንግዳ የሚመራው በተራ ነው፤ ጉልበተኛው ወይም አፈ ጮሌው እንግዳውን ሁሉ ጠቅልሎ አይወስድም። ሁለተኛ፣ ከሚያገኙት ላይ እያዋጡ ተራራ ላይ ለሚጎዳውና ለሚሞተው ቤተሰብ የሚሆን ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ተራና እድር በሉት። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። እናስ? በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ የተዘጋጀው እዚችው ሻሞኒ ላይ ነው። ማኅበሩ በተመሠረተ በ103 ዓመቱ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን አስተዋላችሁ? መጀመሪያ ሰዎቹ ተደራጁ፣ አስተናጋጅነትን ተማሩ፣ ስማቸው ወጣ። ትልቁ ውድድር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ሲወራ የምሰማው ግን የተገላቢጦሹን ነው።

3. ውድድሩ ሲገዝፍ

በ1896 ኦሎምፒክ አቴንስ ላይ እንደገና ተጀመረ። የ1900ው ግን ፓሪስ ላይ ከዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን ጋር ተደርቦ ስለተካሄደ ራሱን የቻለ በዓል እንኳን አይመስልም ነበር። በ1930 ኡራጓይ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ስታዘጋጅ ከአውሮፓ የሄዱት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው፦ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ሩማንያና ዩጎዝላቪያ። ጉዞው በመርከብ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃላ! ለፍጻሜው ግን ከአርጀንቲና በሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ሞንቴቪዲዮ ገባ። መንገድ ሲያጥር ደጋፊ ይበዛል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

1960 ሮም ለኛ ልዩ ነው። የኛ ሰው የሚያስታውሰው አበበ ቢቂላን በባዶ እግሩ ነው፣ ልክም ነው። እስቲ በአዘጋጁ ዓይን ደግሞ እዩት። የሮም ሰዎች ማራቶኑን ከስታዲየም አላስነሡትም፣ ስታዲየም ውስጥም አልጨረሱትም። ከካፒቶሊን ኮረብታ አስነሥተው፣ በጥንቱ በአፒያ መንገድ አሳልፈው፣ ማታ በችቦ ብርሃን በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው የጨረሱት። ሩጫውን የከተማቸው ማስጎብኛ አደረጉት። በመንገዱ ላይ ደግሞ ፋሺስቶች ከኛ የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበ በዚያ በኩል አልፎ በ2:15:16 አሸነፈ። እነሱ ታሪካቸውን ሊያሳዩ ባዘጋጁት መንገድ ላይ የኛ ታሪክም አብሮ ታየ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1962፣ አዲስ አበባ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጀች። አራት ቡድኖች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በነሉቺያኖ ቫሳሎ እየተመራች ግብፅን (ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አባቶቻችን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ያንን ነው። የዚያን ዘመን ውድድር አንድ ስታዲየም ይበቃው ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ዋንጫ 24 ቡድን ነው፤ ስንት ስታዲየም፣ ስንት ሆቴል፣ ስንት የልምምድ ሜዳ እንደሚፈልግ እናንተው አስሉት።

ግዝፈቱ ደግሞ ዕዳ ይዞ መጣ። ሞንትሪያል በ1976 ኦሎምፒክ አዘጋጀች፤ የስታዲየሙን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። ሠላሳ ዓመት! ውድድሩን ያላየ ልጅ አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ግብር ከፈለበት። በሌላ በኩል ባርሴሎና በ1992 ተጠቀመች ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን እንዴት ተጠቀመች? አብዛኛውን ገንዘብ በስታዲየም ላይ ሳይሆን በከተማዋ ላይ ነው ያዋለችው፦ መንገድ፣ የባሕር ዳርቻ፣ የድሮ ፋብሪካዎች የነበሩበትን ሰፈር ማደስ። ውድድሩ ሲያልቅ ዋናተኛውና ሯጩ ሄዱ፤ ባሕሩ ዳር ግን ለነዋሪው ቀረ። ደቡብ አፍሪካ በ2010 ለዓለም ዋንጫ ብለው የመጡ ከ300 ሺህ የሚበልጡ የውጭ እንግዶችን መቁጠሯን ገልጻለች፤ ቀላል ቁጥር አይደለም፣ ሆኖም አስቀድሞ ከተገመተው ያነሰ ነው። ለጥቂት ሳምንታት እንግዳ የተሠራ ስታዲየም ዓመቱን ሙሉ ጥበቃና ጥገና ይፈልጋል።

4. ሁሉም ሯጭ ሲሆን

አሁን አንድ ርካሽ ግን ትልቅ ሀሳብ ይመጣል። በ1970 ኒው ዮርክ የመጀመሪያዋን ማራቶን በሴንትራል ፓርክ ውስጥ አካሄደች። የተመዘገቡት 127፣ የጨረሱት 55 ናቸው። በ1976 ሩጫው ከፓርኩ ወጥቶ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች አቋረጠ። ዛሬ የሚጨርሰው ሰው ከ50 ሺህ በላይ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ ቲኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ ሚስት ልጁን አስከትሎ የሚመጣ። ከተማዋ ስታዲየም አልሠራችም። የነበራትን መንገድ ለአንድ ቀን ዘጋች፣ በቃ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልደረቦቹ በኅዳር 2001 ታላቁ ሩጫን አዲስ አበባ ላይ ሲጀምሩ የያዙት ይህንኑ ሀሳብ ነው። የመጀመሪያው ቀን 10 ሺህ ሰው ሮጠ። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ እየዘፈነ ይሮጣል፣ ከውጭ የሚመጡም ብዙዎች ናቸው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ኒው ዮርክ የሚሄድ ሯጭ ከተማዋን ፈልጎ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚመጣው ግን "የሯጮቹ አገር" ብሎ ነው የሚመጣው። ወደ ሦስተኛው ጉዞ የሚያሻግረን ይህ ነው።

5. ጀግናው የተሠራበት ቦታ

የ1968 ኦሎምፒክ ለሜክሲኮ ሲቲ ሲሰጥ ዓለም ተንጫጫ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ያኔ የሀብታም አገር አሠልጣኞች ከፍታ ያለው ቦታ ፍለጋ ጀመሩ። ፈረንሳይ ፒሬኔ ተራራ ላይ ፎን ሮሙ የሚባል የልምምድ ማዕከል ሠራች። ውድድሩ ሲደርስ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ፣ በ10,000 ሜትርም ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ነበር፣ 1,500ውን ደግሞ ኪፕ ኬይኖ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ከፍታ ቦታ እንደ ማዕድን መቆጠር ጀመረ። ስዊዞች በረዶውን እንደሸጡት ሁሉ፣ ስስ አየርም የሚፈለግ ሆነ።

ኬንያውያን ይህንን ከኛ ቀድመው ተረዱት። ኢቴን 2,400 ሜትር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1976 ኮልም ኦኮኔል የሚባል አየርላንዳዊ መነኩሴ ጂኦግራፊ ሊያስተምር ወደዚያ መጣ፤ ስለ አሠልጣኝነት የተማረው ነገር አልነበረም። ከእጁ ግን እነ ዴቪድ ሩዲሻ ወጡ። በኋላ ሯጯ ሎርና ኪፕላጋት በከተማዋ የልምምድ ማዕከል ከፈተች። ዛሬ የከተማዋ መግቢያ ላይ "የሻምፒዮኖች መኖሪያ" የሚል ቅስት ቆሟል። የውጭ ሯጭ፣ ታዋቂውም ጀማሪውም፣ መጥቶ ለሳምንታት ይቀመጣል። ለሳምንታት! የስታዲየም ተመልካች ሦስት ቀን አድሮ ይሄዳል፤ ይሄኛው ግን ቤት ይከራያል፣ እንቁላልና ወተት ይገዛል፣ ማሳጅ ይፈልጋል፣ አብሮት የሚሮጥ ልጅ ይቀጥራል።

እኛስ? በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች አንዲት ከተማና ከአካባቢዋ ወጡ። ብዙዎቹን ከጅምሩ ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ እንደኔው አስተማሪ ነበር፣ የስፖርት አስተማሪ። በ2012 ስለ ከተማዋ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ ዓለም አይቶታል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ሁለተኛ ከተማ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። አዲስ አበባ አጠገብ ሱሉልታ ላይ ለውጭ ሯጮች ጭምር የሚሆን የልምምድ መንደር ተሠርቷል፣ ጥሩ ጅምር ነው። የማራቶን ፍቅር ያለበት ፈረንጅ ደግሞ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሄዶ የአበበንና የማሞን መቃብር ቢያይ እንደ ተሳላሚ ነው የሚሆነው። ስንቶቻችን ሄደን አይተናል?

6. ለኔ ለምን ይቆረቁረኛል?

የማስተምረው አርሲ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ከልምምድ የሚመለሱ ልጆች መንገድ ላይ ያገኙኛል። ከእነሱ አንዳንዶቹ አንደኛው ፒሬድ ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍተው ይተኛሉ፤ አልቆጣቸውም። ግን እናውራው እስቲ፦ ከመቶው ስንቱ ቀነኒሳ ይሆናል? አንዱም ላይሆን ይችላል። ክለብ ያልገባው፣ ጉልበቱን የተጎዳው፣ አሥራ ሁለተኛን ያላለፈው ልጅ የት ይሄዳል? የቀድሞ ተማሪዎቼ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ከመካከላችሁ ዐረብ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ አላችሁ።

ያ ልጅ ግን የሚያውቀው ነገር አለ። የትኛው ጫካ ለረጅም ሩጫ፣ የትኛው ዳገት ለጉልበት እንደሚሆን ያውቃል። የእንግዳውን ፍጥነት ጠብቆ አብሮ መሮጥ ይችላል። እናቱ ገንፎና ጭኮ መሥራት ትችላለች። ኢቴን ላይ እንጀራ የሆነው ይኸው ነው። የሻሞኒ ገበሬም ከተራራው በቀር ምንም አልነበረውም።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ ቀላል ነው። ከስታዲየሙ በፊት እነዚህ ይቅደሙ። አንደኛ፣ ወጣቶቹ እንደ ሻሞኒ መንገድ መሪዎች ይደራጁ፤ ተራ ይኑራቸው፣ የጋራ ሳጥን ይኑራቸው፣ ደላላ መሐል አይግባባቸው። ሁለተኛ፣ ንጹሕ አልጋ፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና የማይቋረጥ ውኃ። እንደ ኦሎምፒያ 900 ዓመት አንጠብቅ። ሦስተኛ፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ጫካና ሜዳ ለግንባታ ተሸንሽኖ ከማለቁ በፊት ይከለል። ሀብቱ እሱ ነውና። አራተኛ፣ ታሪኩ ይሰብሰብ፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ማን የት እንደሮጠ፣ በምን ጫማ፣ ከማን ጋር ይጻፍ። ይህን በትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ በኩል ልንጀምረው አስበናል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ የኤኬኬይሪያ ጉዳይም አለ። መንገዱ ካልተጠበቀ ቀሪው ሁሉ ወሬ ነው። መንገድ ሲዘጋ እንኳን ፈረንጁ፣ እኛም ለበዓል ቤተሰብ ጋ መሄድ እየከበደን አይተናል። ግሪኮች እርስ በርስ እየተዋጉም ቢሆን ተጓዡን እንዳይነኩ የተስማሙት ሞኝ ስለሆኑ አልነበረም።

እስቲ እናንተም አዋጡ። ውጭ ያላችሁ፣ ማራቶን ለመሮጥ ወይም ጨዋታ ለማየት ሌላ ከተማ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ከተማው ምን አድርጎላችሁ ነው ገንዘባችሁን በደስታ ያወጣችሁት? ምንስ አማረራችሁ? በቆጂና አሰላ ያላችሁ ደግሞ፣ የእንግዳ ማረፊያ የሞከራችሁ ወይም ከውጭ ሯጮች ጋር የሠራችሁ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የታሪክ ክበቡ ልጆች መልሶቻችሁን ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ያነባሉ፤ እባካችሁ ለእነሱ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ።